እናትንና ልጆችን ይዞ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ማደር፦ ከቤት ዝግጅት እስከ መልስ

እናቴ በወጣትነቷ ግሸን ማርያምን በእግሯ ሄዳ ተሳልማለች። ስንቅ ቋጥራ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ሜዳ ላይ አድራ። ስለዚህ «ሐይቅ ዳር ሄደን ድንኳን ተክለን እንደር» ስንላት አልገረማትም። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንቁን ማን ነው የሚያዘጋጀው?»

እኛ ግን ስንት ዓመት ስንፈራው ኖረናል። ካምፒንግ ሲባል የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። ዕቃው ብዙ፣ ወጪው ከባድ፣ ሌሊቱ የሚያስፈራ። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ቅዳሜና እሁዱ በሰርግ፣ በክርስትና፣ በለቅሶና በሥራ ያልቃል። በዚህ መሀል ልጆች ከዋክብት ሳያዩ ያድጋሉ። ከአገር ቤት የመጡ እናቶችም ከአፓርትማው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ አፓርትማው ብቻ ሲመላለሱ ይከርማሉ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ነው። አያት አለች፣ ልጆች አሉ፣ ዋና የሚችል ሰው ጥቂት ነው፣ ምግቡ እንጀራ ነው። ቦታው በሜሪላንድ ምዕራብ ጫፍ ያለው ዲፕ ክሪክ ሌክ ስቴት ፓርክ ነው።

ለምን ዲፕ ክሪክ?

ሜሪላንድ ውስጥ የተፈጥሮ ሐይቅ የለም። ያሉት ሁሉ ሰው የገደባቸው ናቸው። ዲፕ ክሪክ ከእነሱ ትልቁ ነው። በ1925 ወንዙ ላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ሲሠራ ውሃው ሸለቆውን ሞላው። ወደ 3,900 ኤከር ይሰፋል፤ የዳርቻው ርዝመት 65 ማይል ገደማ ነው።

አብዛኛው ዳርቻ በግል ቤቶች የተያዘ ነው። ስቴት ፓርኩ ግን ለሕዝብ ክፍት ነው። አሸዋማ መዋኛ፣ የሽርሽር ጠረጴዛዎች፣ የጀልባ ማውረጃና ከአንድ መቶ በላይ የድንኳን ቦታዎች ያሉት ካምፕ አለው። ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ ቤትም አለ። እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ቀድሜ ነገርኳችሁ።

ዋናው ምክንያቴ ግን አየሩ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በጁላይና በኦገስት ዲሲ እንደ ምድጃ ሲግል እዚያ ማታ ጋቢ ያስለብሳል። እናቴ ከመኪና ወርዳ አየሩን ሳብ አደረገችና «ደጋ ነው» አለች። አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ ይህን ቃል ስትናገር የሰማኋት የዚያን ቀን ነው።

ቀን መምረጥ

ቀን ስትቆርጡ ሁለት ካሌንደር አውጡ፤ የትምህርት ቤቱንና የጾሙን።

ጁላይ 4 ሁልጊዜ የሰኔ ጾም ውስጥ ነው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ብዙ ሰው «በጾም ምን ሽርሽር አለ» ብሎ ይተወዋል። በካምፕ ግን የጾም ምግብ ከፍስኩ ይመቻል። ሽሮ አይበላሽም። ሥጋ በበረዶ የመጠበቅ ጣጣ የለም። የሚቀልጥ ቅቤ የለም። በፍልሰታ ማስቀደስና መቁረብ የሚፈልግ ሰው ግን ከቤተ ክርስቲያን መራቁን አስቀድሞ ያስብበት።

ለልጆች ደግሞ ቡሄ አለ። ኦገስት 18 ማታ የቡሄ ዋዜማ ነው። አፓርትማ ውስጥ ችቦ ማብራት አይቻልም። ካምፑ ላይ ግን እያንዳንዱ የድንኳን ቦታ የእሳት ማንደጃ የብረት ቀለበት አለው። ሙልሙሉን ከቤት ጋግራችሁ ውሰዱ። እሳቱን ከቀለበቱ ሳታወጡ አንድዱ። ልጆቹ ሆያ ሆዬን በጊዜ ይጨፍሩ፤ ማታ የጸጥታ ሰዓት ስላለ ጎረቤት እንዳይረበሽ። ችቦ ይዞ በጫካው መዞር ፈጽሞ አይሆንም።

ከተቻለ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ባለው ሂዱ። ታክሲና ኡበር ለሚሠራ፣ ሆስፒታል በፈረቃ ለሚገባ ሰው የሥራ ቀን ማረፍ ያን ያህል አይከብድም። ካምፑ ጸጥ ይላል፤ ዳርቻውም አይጨናነቅም። ቅዳሜና እሁድ ሙቀት ሲሆን የሜሪላንድ ፓርኮች ማቆሚያቸው ሞልቶ መግቢያቸውን የሚዘጉበት ጊዜ አለ። በማለዳ ደርሶ መግባት ወይም ቀድሞ አድሮ መነሳት ነው መፍትሔው።

ቦታ መያዝ

በሜሪላንድ የካምፕ ቦታ የሚያዘው በስቴቱ የፓርክ መያዣ ድረ ገጽ ወይም በስልክ ነው። እስከ አንድ ዓመት አስቀድሞ መያዝ ይቻላል። ለጁላይ ቅዳሜ በጁን የሚደውል ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ሰው ሰርዞ የሚለቀው ቦታ ስለማይጠፋ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ጠዋት ጠዋት ገጹን ክፈቱት። በሙቀቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ አንድ ሌሊት ብቻ መያዝ ላይቻል ይችላል፤ ሁለት ሌሊት አስቡ።

የሳይት (የድንኳን ቦታ) ካርታው ሲከፈት ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት መታጠቢያ ቤቱን ፈልጉ። አያት ካለች ከመታጠቢያው ሁለት ሦስት ሳይት ያህል ራቅ ያለውን ምረጡ። በጣም ከተጠጋችሁ የበሩ ኳኳታና መብራቱ አያስተኛም። ከራቃችሁ ደግሞ ሌሊት በጨለማ ረጅም መንገድ ነው። ድንኳን የማይሆንላት እናት ካለች አነስተኛ የእንጨት ክፍሎችም አሉ። አልጋ እንጂ አንሶላ ስለሌላቸው የራሳችሁን ያዙ። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃሉ።

በአንድ ሳይት ስንት ሰውና ስንት መኪና እንደሚፈቀድ ገጹ ላይ ተጽፏል። ይህን ልብ በሉ። የእኛ ሰው «እኛም እንመጣለን» ሲባል እሺ ነው የሚለው፤ ከዚያ አራት መኪና ለአንድ ሳይት ይሰለፋል። ቤተሰቡ ሁለት ከሆነ ጎን ለጎን ሁለት ሳይት ያዙ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። 62 ዓመት የሞላው የሜሪላንድ ነዋሪ ጎልደን ኤጅ ፓስ የሚባል የዕድሜ ልክ ካርድ በትንሽ ክፍያ ያወጣል። ስቴት ፓርኮች መግቢያ ላይ ያገለግላል፤ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ለካምፕም ቅናሽ አለው። ለእናታችሁ አውጡላት። የራሷ ካርድ ሲኖራት ደስታው ሌላ ነው። ከቨርጂኒያና ከዲሲ ለሚመጣ ደግሞ ክፍያው ከሜሪላንድ ነዋሪ ትንሽ ከፍ ይላል።

ስንቅ

እዚህ ላይ እኛ ከማንም የተሻለ እናውቃለን። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ሁሉም ለመንገድ የተሠሩ ምግቦች ናቸው። ፍሪጅ አይፈልጉም፤ አይደቁም፤ ያጠግባሉ። ሱቅ ገብታችሁ ለካምፕ ተብሎ የታሸገ ውድ ምግብ አትግዙ።

እንጀራውን በሄዳችሁበት ዋዜማ ግዙ ወይም ጋግሩ። አራት አራት አድርጋችሁ አጥፉትና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ክተቱት። በረዶ ያለበት ኩለር ውስጥ አታስገቡት። ከቀዘቀዘ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ከፀሐይ ብቻ ይጠበቅ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ ይበላል። የሁለተኛው ቀን ቁርስ ፍርፍር ነው። ለሦስተኛው ድርቆሹ አለ።

ለወጡ የእናቴን ዘዴ ልንገራችሁ። ሽንኩርቱንና በርበሬውን ቤት ታቁላላለች። ቁሌቱ ሲበርድ በትንንሽ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ከፋፍላ ፍሪዘር ታስገባዋለች። በጉዞው ቀን ድንጋይ የመሰለው ቁሌት ኩለሩ ውስጥ ይገባል፤ በረዶም ሆኖ ያገለግላል። እዚያ ስትደርሱ አንዱን አውጥታችሁ ብረት ድስት ላይ ትጥሉታላችሁ፤ ውሃ ትጨምራላችሁ፤ ሲፈላ ሽሮውን ታማስላላችሁ። ሽንኩርት ሲከተፍ አይን የሚያቃጥለው፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ቤት አልቋል። እራት በሩብ ሰዓት ይደርሳል።

የፍስክ ጊዜ ከሆነ ጥብሱን ቤት ከትፋችሁ አቀዝቅዙትና በመጀመሪያው ማታ ብሉት። ክትፎ ቤት ይቅር። ኩለሩ የፍሪጅ ያህል መቀዝቀዙን የሚያሳይ ትንሽ ቴርሞሜትር በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ከ40 ፋራናይት በላይ ካሳየ ያ ሥጋ ለሰው አይሰጥም።

የማብሰያ ጋዝ ምድጃ፣ ሁለት ብረት ድስት፣ ማማሰያ፣ ቢላ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ትልቅ ትሪ። ጀበናና ስኒ ደግሞ በፎጣ ተጠቅልለው። የቆሻሻ ከረጢት በብዛት ያዙ፤ የሜሪላንድ ፓርኮች መዋኛና ሽርሽር ቦታ ላይ የቆሻሻ በርሜል አያስቀምጡም፤ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ነው የምትወጡት።

ሁለት ነገር አትያዙ። አንዱ እንጨት ነው። ከቤታችሁ አካባቢ የተቆረጠ ማገዶ «አሽ» የሚባሉትን ዛፎች የሚጨርስ ጥንዚዛ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በመላው ሜሪላንድ ስንት ደን አጥፍቷል። ማገዶ እዚያው አካባቢ ይሸጣል። ሌላው መጠጥ ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ በፓርኩ መዋኛና ሽርሽር ቦታ አልኮል ክልክል ነው፤ ጠጅና ጠላም አልኮል ናቸው።

መኝታ

የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ አጥፍተናል። ወሩ ኦገስት ስለነበር በአየር የሚነፋ ፍራሽና ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነው የያዝነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፍራሹ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ቀዘቀዘ። ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የመጣው። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ለትንሿ ልጄ አልብሳ እሷ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ነው ያነጋችው። ጠዋት ሳገኛት እጆቿ ቀዝቅዘው ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በጁላይና በኦገስት እንኳ ሌሊቱ ወደ 50ዎቹ ፋራናይት ይወርዳል። በሜይና በሴፕቴምበር ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ለመልበሻ ከምታስቡት ይልቅ ለመንጠፊያው አስቡ። ከድንኳኑ ሥር ሸራ፣ ከፍራሹ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከላይ የመኝታ ከረጢት፣ ከዚያ ጋቢ። ጉልበት የሚያማት እናት ከመሬት መነሳት ስለሚከብዳት ተጣጣፊ አልጋ ግዙላት፤ በላዩም ስፖንጅ አንጥፉበት። ካልሲና የራስ ክር ኮፍያ ለሁሉም። ለእያንዳንዱ ሰው ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ፤ ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ እጅ ነጻ ይሆናል።

አሁን የምለውን በደንብ አንብቡት። ብርድ በዛ ብላችሁ ከሰል ወይም ጋዝ ምድጃ ድንኳን ወይም የእንጨት ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቤታችን ለቡና ከሰል ማንደድ ስለለመድን ነው በተለይ የምነግራችሁ። ቡናው ውጭ ነው፤ ዝናብ ከሆነም ሲያባራ ይጠጣል።

ድንኳኑን ከገዛችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ሰፈር ባለ መናፈሻ ተክላችሁ እዩት። ዋልታው ጎድሎ ወይም ካስማው አንሶ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ይሁን።

መንገዱ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ገደማ ይነዳል። በ270 አውራ ጎዳና ወደ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በ70 ወደ ምዕራብ፣ ሃንኮክ ላይ ወደ 68 መታጠፍ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 270 ላይ ከወጣችሁ ሦስቱ ሰዓት አምስት ሊሆን ይችላል። በጠዋት ውጡ።

ከሃንኮክ ትንሽ አለፍ እንዳላችሁ መንገዱ ተራራን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ሳይድሊንግ ሂል ይባላል። ቁራጩ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ታጥፎ ይታያል። ማረፊያ ቦታው ላይ ቁሙና ልጆቹ ይዩት። እናቶችም እግራቸውን ያፍታቱ።

ከከምበርላንድ በኋላ ዳገቱ ይበረታል። መኪናችሁ ያረጀ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬንና የራዲያተር ውሃ ይታይ። ተራራው ላይ ጉም ሊኖር ይችላል፤ ፍጥነት ቀንሱ። ግራንትስቪል ሳትደርሱ የውሃ መለያ የሆነውን ተራራ ታቋርጣላችሁ። ከዚያ ወዲህ የዘነበው ወደ አትላንቲክ ይፈሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው በኦሃዮ ወንዝ አድርጎ ሚሲሲፒ ይገባል። የዲፕ ክሪክ ውሃም ወደዚያ ነው የሚሄደው።

መውጫ 14 ላይ ወደ 219 ደቡብ ታጠፉ። ጂፒኤሱ «አክሲደንት» ሲል አትደንግጡ፤ የከተማዋ ስም ነው። ማክሄንሪን አልፋችሁ፣ የሐይቁን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ግሌንዴል ሮድ ላይ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከሌላ ድልድይ በኋላ ስቴት ፓርክ ሮድ ይመጣል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ ስላለ ካርታውን ቤት ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ የመያዣ ወረቀታችሁንም ፎቶ አንሱት። ቤንዚንና የጎደለ ነገር ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ። ኦክላንድ ከተማ ቅርብ ናት፤ ሆስፒታልም ያለው እዚያ ነው።

ድንኳን መትከልና ድብ

ካምፑ ሐይቁ ዳር አይደለም፤ ጫካው ውስጥ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ይህን ሳያውቅ ሄዶ ቅር የተሰኘ ሰው አውቃለሁ። እኔ ግን እወደዋለሁ። ጥላ አለ፣ ወፍ አለ፣ ጠዋት ወደ ውሃው መውረድም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ትከሉ። መሬቱ ላይ ተኝታችሁ ሞክሩት፤ ጭንቅላታችሁ ወደ ታች ካዘነበለ ቦታ ቀይሩ። ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ላይ አትትከሉ። ሰማዩ ጥርት ቢልም የዝናብ ልባሱን አልብሱት። ተራራ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል።

አካባቢው የጥቁር ድብ አገር ነው። ድብ ሰውን ፈልጎ አይመጣም፤ ምግብን ግን ከሩቅ ያሸታል። የእኛ ምግብ ደግሞ ይሸታል። ቅቤው፣ በርበሬው፣ የተረፈው ፍርፍር ሁሉ። ከተበላ በኋላ ድስቱ ወዲያው ይታጠብ። ምግብ፣ ኩለር፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር መኪና ውስጥ ገብቶ ይቆለፍ። ድንኳን ውስጥ አንዲት ፍሬ ቆሎ እንኳ አታስገቡ። ልጆች ኪስ ውስጥ ብስኩት ይደብቃሉ፤ ከመተኛታቸው በፊት ፈትሹ።

ውሃው

እዚህ ላይ ብቆይ አይፈረድብኝም። ብዙዎቻችን ያደግነው ዋና በሌለበት ደጋ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ውሃ ሲያዩ አይፈሩም። እኛ አንችልም፣ እነሱ አይፈሩም። አደጋው ያለው እዚህ መሀል ነው።

ሐይቅ መዋኛ ገንዳ አይደለም። ከታች አይታይም። ጉልበት ድረስ የነበረው ውሃ በሦስት እርምጃ ደረት ይደርሳል። የተራራ ውሃ ስለሆነ በጁን መጀመሪያ ገና ይቀዘቅዛል፤ ድንገት የገባበትን ሰው ትንፋሽ ያቋርጠዋል። ነፍስ አድን ሠራተኛ ይኖራል ብላችሁም አትሂዱ። ጠባቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

እኛ ቤት ተረኛ የሚባል ሥርዓት አለን። ልጆች ውሃ ውስጥ ባሉ ጊዜ አንድ አዋቂ ተረኛ ነው። ስልክ አይነካም፣ ወሬ አይገባም፣ ምግብ አያቀርብም። ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባውን ወደ ጥልቁ፣ ፊቱን ወደ ልጆቹ አድርጎ ይቆማል። በየሃያ ደቂቃው ይቀየራል። ሲቀየር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፊሽካ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ፊሽካው ማን ጋ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። «አንተ ታያለህ ብዬ ነው እኮ» የሚባል ነገር እንዳይመጣ ነው ይህ ሁሉ። አሥር ሰው ዳር ቁጭ ብሎ አንድም የሚያይ የሌለበት ጊዜ አለ።

የሚሰጥም ልጅ አይጮህም። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ድምፅ የለውም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል፣ እጆቹ ወደ ጎን ይላሉ፤ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ይፍገመገማል። ይህን ያየ ሰው አይጠይቅም፣ ያወጣል። ዋና የማይችል ግን ዘሎ አይግባ። ገመድ፣ ጀሪካን፣ ነጠላ፣ ያገኘውን ወርውሮ ይጎትት፤ 911 ይደወል።

ለልጆች የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ኃይል (ኮስት ጋርድ) ማረጋገጫ ያለበትን የመንሳፈፊያ ጃኬት ግዙ። ክንድ ላይ የሚነፋው ላስቲክና ዳክዬ መጫወቻ ነው፤ ነፍስ አያድንም። ጀልባ ወይም ካያክ ከተከራያችሁ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ21 ጫማ ባጠረ ጀልባ ላይ ጃኬት መልበስ የሜሪላንድ ሕግ ነው። አዋቂውም ይልበስ።

እናቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ ለብሰው እግራቸውን መንከር ይወዳሉ። ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ አይግቡ። ውሃው ጠርዝ ላይ ዝቅ ያለ ወንበር አስቀምጡላቸው። እናቴ እዚያ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ ጠጠር ስትለቅም ነበር።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይውጣ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ አይገባም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ መዋኛዎች ለልጅም ለአዋቂም የዋና ትምህርት ይሰጣሉ። ጉዞው ለኦገስት ከሆነ በብርዱ ወራት ተማሩ። እኔ በ41 ዓመቴ ነው የጀመርኩት።

ቡና፣ እሳትና ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም ይተኛል። ሰው ሳይነሳ ውረዱና እዩት። ተመልሳችሁ ቡናውን አፍሉ። ቤት ተቆልቶ የመጣ ይሻላል፤ ግን እናቴ «ያልተቆላ ቡና ምን ቡና ነው» ስላለች ትንሽ ጥሬ ይዘን ነው የምንሄደው። ሽታው ሲወጣ ከጎን ሳይት አንድ አዛውንት ፈረንጅ ሰላም ሊሉን መጡ። ወንበር ሰጠናቸው። ሦስተኛውን ጠጥተው ነው የሄዱት።

ረፋዱ ላይ ልጆቹን ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ዲስከቨሪ ሴንተር ውሰዷቸው። የአካባቢው እንስሳትና የድንጋይ ከሰል ማዕድን ታሪክ አለ። ብራንት ማይን በሚባለው የእግር መንገድ ላይም የድሮው የከሰል ጉድጓድ አፍ ይታያል። ከጫካ ስትመለሱ መዥገር ፈትሹ። ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ ጸጉር ውስጥ፣ ከጆሮ ኋላ። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታመጣው መዥገር የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። ከተገኘች በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅቤም እሳትም አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስዋሎ ፎልስ ስቴት ፓርክ ሂዱ፤ በመኪና ቅርብ ነው። መዲ ክሪክ የሚባለው ፏፏቴ 53 ጫማ ይወርዳል። ሄምሎክ የሚባሉት ዛፎች ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። በ1918 ሄንሪ ፎርድ፣ ቶማስ ኤዲሰንና ሃርቪ ፋየርስቶን እዚህ ድንኳን ተክለው ሰፍረዋል። መንገዱ አጭር ቢሆንም ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ጫማው ይታሰብበት፤ ለእናት ከዘራ ይያዝ።

ማታ እሳቱን ከመተኛታችሁ በፊት በውሃ አጥፉት። አመዱን በእንጨት አማስላችሁ ደግማችሁ ውሃ አፍሱበት። እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀት ካለ አልጠፋም ማለት ነው።

መነሳት

ድንኳኑን በጠል እንዳለ ካጠፋችሁት ቤት ስትደርሱ በረንዳ ላይ ዘርጉት። በርጥበቱ ከተቀመጠ በሳምንት ይሻግታል። ልጆቹ የሳይቱን መሬት ዙረው ቆሻሻ ይልቀሙ፤ የኮካ ክዳን እንኳ እንዳይቀር።

ከዚያ ሳትወጡ በፊት ካምፑን በእግራችሁ አንድ ጊዜ ዙሩት። ጥላው ጥሩ የሆነውን፣ መሬቱ ሜዳ የሆነውን፣ መታጠቢያው የሚቀርበውን ሳይት ቁጥር ጻፉ። ካርታ ላይ የማይታየው ነገር በእግር ይታያል። እኔና እናቴ አንድ ላይ ነው የዞርነው። እሷ በከዘራዋ እያመለከተች «ይሄ ውሃ ያቁራል፣ ይሄ ነፋስ አለበት» እያለች ሦስት ቁጥር አስመረጠችኝ። ኦክላንድ ደርሰን ኔትወርኩ እንደተመለሰ መኪናውን ዳር አቆምኩና የሚቀጥለውን ዓመት ኦገስት 18 ከፈትኩ። ከሦስቱ አንዱ ክፍት ነበር።